በውዱዕ ውሃ ያደገ ጎመን

እናንተዬ፣ እኔ ከሰው ጋር ማውራት አልችልበትም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ምነው ያኔውኑ ብትናገሪ!» ብላችሁ እንዳትናደዱብኝ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ስሜን ሲጠራ «አቤት» ማለት አፍሬ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለት ወር ሙሉ «ቀሪ» ተብዬ ተመዝግቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ተውኩት። እሱም እኔን ፍለጋ አልመጣም።

ቤታችን ከሚሴ ውስጥ ነው፤ ከሰፈራችን መስጊድ ግድግዳ ሥር። በመስጊዱና በእኛ አጥር መካከል ያለው ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ሰዎች ለሶላት ውዱዕ የሚያደርጉበት ቦታ ደግሞ ልክ ከጓሯችን በላይ ነው። ከትልቅ ታንከር የሚወርድ ስድስት ቧንቧ አለው፤ ከፊታቸው ስድስት የሲሚንቶ መቀመጫ። በቀን አምስት ጊዜ እጅ ይታጠባል፣ አፍ ይጉመጠመጣል፣ ፊትና እግር ይታጠባል፤ ውሃውም በግድግዳው ሥር ባለች ቀዳዳ ወጥቶ ወደ እኛ ይወርዳል። የመጸዳጃ ቤቱ መስመር በወዲያ በኩል ሌላ ጉድጓድ አለው። ይቺን እባካችሁ ያዙልኝ፤ እናቴ ለስንቱ ሰው ስትምል ከርማለች።

አባቴ በሕይወት ሳለ ያን ውሃ እንደ ደመኛ ነበር የሚያየው። ድንጋይ ይደረድርበታል፤ ውሃው ድንጋዩን ዞሮ ይመጣል። አፈር ይከምርበታል፤ አፈሩን ይዞ ይመጣል። አባቴ ሲሞት ጭቃው ለእኔና ለእናቴ ቀረ። አንድ ቀን እናቴ የጎመን ዘር ቋጥራበት የነበረውን ጨርቅ እዚያው ጭቃ ላይ አራገፈችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጭቃው አረንጓዴ ለበሰ። የእኔ ሥራ በመቆፈሪያ ትንንሽ ቦይ ማውጣት ብቻ ነበር። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና ፀሐይዋ ግን ፈረቃ በማታውቅበት በእኛ ከተማ፣ ሰፌድ የሚያክል ቅጠል ያለው ጎመን አበቀልኩ። ቀጥዬ ቃሪያ ተከልኩ። ከዚያ ልቤ አበጠና ሰላጣም ሞከርኩ።

ጓሮው ለእኔ አትክልት ብቻ አልነበረም። እኩዮቼ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ይሄዱ ነበር። ደላላው እኛም ቤት መጥቶ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ፣ ዝምተኛ ልጅ በጣም ተፈላጊ እንደሆነች ለእናቴ ነገራት። እስቲ አስቡት፤ ጎረቤት ጨው ልጠይቅ ሄጄ ከበሩ ሦስት ጊዜ የምመለስ ሰው ባሕር ተሻግሬ ምን ልሆን ነው? አለቀስኩ። እናቴም ልቧ ስላልቆረጠ እንዲህ ተስማማን፦ ጓሮው እኛን እስካኖረ ድረስ የትም አልሄድም፤ ጓሮው ከደረቀ ግን ፓስፖርት ይወጣል። እናም እኔ ከጎመኑ ጋር አብሬ የተተከልኩ ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

ገበያ ላይ ከተርታው ጫፍ ተቀምጬ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሸጠው። ሌሎቹ ሴቶች ይጣራሉ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ጎመኑ ራሱ ይጣራልኛል። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት ያህል በሰላም ኖርን፤ አንድ የገበያ ቀን እመት ሀዋ መጥተው ጥያቄ እስኪጠይቁኝ ድረስ።

እመት ሀዋ ከእኛ ሦስተኛ ቤት ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። ሲያቆላምጡ በኦሮምኛ፣ ሲቆጡ በአማርኛ ነው። አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ አንስተው ገልበጥበጥ አደረጉና፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን እንዲህ ያሳበጠው ምን እያጠጣሽው ነው?» አሉኝ።

ብልህ ሰው ቢሆን «የአላህን ውሃ» ብሎ ያልፍ ነበር። እኔ ግን ሰው ፊት ለፊት ሲጠይቀኝ ያለችኝ አንድ መልስ እውነቷ ብቻ ናት፤ ሌላ ለመፍጠር ፋታ ይፈልጋል። «የውዱዕ ውሃ» አልኳቸው። በዚያ ገበያ ከተናገርኩት ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር።

እመት ሀዋ ቅጠሉን ለቀቁት። ወዲያው ወደ አማርኛ ተሻገሩ።

«የስንቱ ወንድ ወንጀል የታጠበበትን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ፣ ሰው ውዱዕ ሲያደርግ በእጁ የሠራው ወንጀል፣ ኃጢአቱ ማለቴ ነው፣ ከእጁ፣ በዓይኑ ያየው ከፊቱ፣ የሄደበት ከእግሩ ከውሃው ጋር እንደሚረግፍ ተምረናል። ደስ የሚል ትምህርት ነው፤ እኔም አምንበታለሁ። ግን የረገፈው ወዴት እንደሚሄድ እስከዚያን ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እመት ሀዋ ጠየቁ። መልሱንም በየወጥ ድስቱ ውስጥ አገኙት።

በማግስቱ አንዲት ሴት ጎመኑን ከነድስቱ ይዛ መጣች። ከበላችው ወዲህ ለአማቷ ሁለት ጊዜ ክፉ መልስ ሰጥታቸዋለች። ከጎመኑ በፊትስ ስንት ጊዜ ነበር ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ድስቱን ተቀብዬ አመሰገንኳት። ሌላዋ ልጇ መዋሸት መጀመሩን ነገረችን። ሦስተኛዋ ባሏ ከሰላጣው በኋላ ሁለተኛ ሚስት የማግባት ነገር ማንሳቱን በእንባ ተናገረች። ባሏን እንደማውቀው ሐሳቡ ከሰላጣው ይበልጥ የቆየ ነው፤ ቢሆንም ሰላጣውን ነቀልኩት።

በጣም የገረመኝ የእመት ሀዋ ነገር ነው። እሳቸው ራሳቸው ዘወትር የውዱዓቸውን ውሃ የሚደፉት በራቸው ላይ ባለው ጤና አዳም ሥር ነው። ጤና አዳሙም የሰፈር መድኃኒት ነው፤ ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ከዚያ ይቀነጥባል። እናቴ በዘዴ ብታነሳባቸው፣ ጤና አዳም መድኃኒት ስለሆነ ወንጀል አይዘውም ብለው አሰናበቷት።

ሴቶቹ ይህን ያህል ካሉ ወንዶቹስ ምን አሉ? የወንዶቹ ባሰ። ሴቶቹ የፈሩት የሰው ወንጀል መብላትን ነው፤ ወንዶቹ የፈሩት ወንጀላቸው መበላቱን ነው። ከሁሉ ይልቅ ሐጂ ኡመር ተናደዱ። ሐጂ ኡመር እህል ነጋዴ ናቸው፤ የመስጊዱ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀልደኛ ደንበኛ ሱቃቸው ድረስ ሄዶ፣ «ሐጂ፣ ወንጀልዎን ገበያ ላይ በእስር በእስር እየሸጡልዎት ነው አሉ» አላቸው። ሌላው ቀጠለና፣ ጎመኑ ሚዛን ላይ ሲወጣ ከብዶ ቤት ሲደርስ የሚቀለው የማን ወንጀል ጠጥቶ እንደሆነ አውቀናል አለ። ሱቅ ሙሉ ሰው ሳቀ።

ሐጂ ኡመር ከዚያው ተነሥተው በእኛ በር ቆሙ። እናቴ ወጣች፤ እኔ ከጎመኑ ውስጥ ተቀምጬ ቅጠል ነኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«ስሚ» አሏት እናቴን፤ «ወንጀሌ በእኔና በአላህ መካከል ያለ ነገር ነው። ገበያ ምን አወጣው?»

ማንስ ቢሆን ለዚህ ምን ይመልሳል? ሐጂም ቀዳዳዋ በሲሚንቶ ተደፍና ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ እንዲዞር ለኮሚቴው አቀርባለሁ ብለው ሄዱ። ያን ለት ማታ እናቴ ፎቶግራፍ ቤቱ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ያነሳ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

በዚህ መሐል ያድነናል ብለን ተስፋ ያደረግነው ጀማልን ነው። ጀማል ከሰንበቴ ከተማ በኩል የመጣ ወጣት የልማት ሠራተኛ ነው፤ ሥራውን የሚወድ፣ ትንሽ አብዝቶ የሚያወራ ልጅ። ጎመኔን አይቶ በጣም ተደሰተ። አንዴ የሠራን ውሃ መልሶ ማሠራት ትልቅ ጥበብ መሆኑን ነገረን፤ ሰዎቹን እኔ አስረዳቸዋለሁ ብሎ በሚቀጥለው ቀን ከመስጊዱ አጥር ውጪ ሕዝብ ሰበሰበ።

ሥሩ የተበሳሳ ጀሪካን ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ሞልቶ ነበር። ከእኛ ቦይ የቀዳውን ድፍርስ ውሃ ከላይ ጨመረበት፤ ከታች ጠርቶ ወረደ። ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰው ሁሉ ማሻ አላህ አለ። እኔም ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ከጉድ ወጣሁ አልኩ።

ከዚያ እመት ሀዋ ከኋላ፣ «በል እንግዲህ ጠጣው» አሉት።

ጀማል ብርጭቆውን አየ። እኛም ጀማልን አየን። ውሃው ለአትክልት እንጂ ለመጠጥ እንዳልሆነ፣ ለአትክልትም ቢሆን ከሥሩ እንጂ ቅጠሉ ላይ መፍሰስ እንደሌለበት፣ ሳይበስል የሚበላውንም ነገር ቢተዉት እንደሚሻል ማስረዳት ጀመረ። ሁሉም ልክ ነበር። ግን ብርጭቆውን ከራሱ እያራቀ ስለተናገረው አንድም ሰው አልሰማውም። ሰው የሚያየው ብርጭቆው ስንት ክንድ እንደራቀ ነው።

ጀማል ሲጨንቀው የባሰውን ተናገረ። ቆይ፣ የጨፋ ሸለቆን ሽንኩርት የሚያጠጣው የቦርከና ወንዝ አይደለም ወይ? አለ። ቦርከና እዚህ እስኪደርስ ስንት ከብት ገባበት? ስንት ልብስ ታጠበበት? ከላይስ ስንት መስጊድ አለ? እዚያ ውዱዕ የሚያደርግ የለም? ምግባችን ሁሉ የተጠቀምንበት ውሃ የጠጣ ነው ብሎ ደመደመ። ሰዎቹን የሚያረጋጋ መስሎት ነበር። ሰዎቹ ዝም ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ዝምታቸውን ወደድኩት። ለካ ስለ ምሳቸው እያሰቡ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ የጨፋን ሽንኩርት የሚገዛ ጠፋ። ቲማቲሙም፣ ጎመኑም ተቀመጠ። ገዢ ሁሉ ዘንቢሉን ይዞ በተርታው ፊት እየተመላለሰ፣ ይኼስ የት ነው የበቀለው ይላል። ሽንኩርት ሻጮቹ ነገሩ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁ፣ ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ናት ተባለ። አንድ ጓሮ ተከራክሬ ሳልጨርስ አንድ ሸለቆ ሙሉ አስቀየምኩ።

አሁን የአባቴ ሰደቃ ደረሰ። በየዓመቱ ለአባቴ ሰደቃ እናወጣለን፤ የሰፈሩ ሰዎች ምሳ በልተው ዱዓ ያደርጉለታል። የመስጊዱ ኢማም ሸህ ኑሩ፣ የኮሚቴው ሰዎች ሁሉ እዚያ ስለሚገኙ የቀዳዳዋን ነገር ከምሳ በኋላ እዚያው እንየው አሉ። ሸህ ኑሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ቀስ ይላሉ፣ ሳይናገሩ ደግሞ ይበልጥ ቀስ ይላሉ። እናቴም ምሳው ላይ ምንም ነቀፋ እንዳይገኝ ተጠነቀቀች። ጎመን በሥጋ ይሠራል፤ ጎመኑ ግን የኛ እንዳይሆን። ዘንቢል አስይዛ ማለዳ ገበያ ላከችኝ፤ ከደጋ የመጣ ጎመን ፈልጌ እንድገዛ።

እዚህ ላይ ነው ታዲያ መናገር የነበረብኝ። ገበያው ጫፍ ደረስኩ። ሽንኩርት ሻጮቹ አዩኝ። አንዷ ወገቧን ያዘች። ሌላዋ ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አደረገቻት። እኔም የረሳው ነገር እንዳለው ሰው ግንባሬን መታ አድርጌ፣ ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ እናቴ ከሥጋው ጋር ትታገላለች። አሁን እነግራታለሁ ስል እመት ሀዋ ሊያግዙን ገቡ። በእሳቸው ፊት እንዴት ልናገር? ዘንቢሉን ሰቅዬ ዕቃ ላጥብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናቴ ጎመን ካጣች ራሷ ትጠይቀኛለች፣ ያኔ እነግራታለሁ ብዬ።

እናቴ ግን ጎመን አላጣችም። በዚያው ማለዳ ወደ ገበያ ሳልሄድ ያረጁትን ቅጠሎች ከጓሮ ቆርጬ፣ ለጎረቤት ላም ይሆናሉ ብዬ፣ በትልቁ ሳፋ በበሩ ሥር አስቀምጬ ነበር። እናቴ ሳፋውን አየች፤ ጎሽ፣ ቶሎ ተመለሰች አለች። አጠበችው፣ ከተፈችው፣ ከሥጋው ጋር ጣደችው። እመት ሀዋም እየቀመሱ የደጋ ጎመን እኮ ሌላ ነው ሲሉ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አልሰማሁም፤ ጓሮ ነበርኩ፤ አንድ ብረት ድስት አራት ጊዜ አጥቤያለሁ።

ወንዶቹ መጡ፤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ትሪው ቀረበ። ሸህ ኑሩ በምግቡ ላይ ዱዓ አደረጉ፤ ለአባቴም ለመኑለት፤ ሁሉም አሚን አለ። እኔ ወደ ማጀት ስገባ ሳፋው ባዶ ነው፤ ድስቱ ከእኔ ጎመን ሞልቷል። እናቴን በክንዷ ይዤ ጥግ አስገባኋትና በጆሮዋ ነገርኳት።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ፣ «ዝም በይ» አለችኝ። «በሕይወትሽ ስትናገሪ አይቼሽ አላውቅም፤ ዛሬ አትጀምሪ።»

ዝም ማለት እችላለሁ። በዓለም ላይ የምችለው ሥራ እሱ ነው። ደግሞም ዝም ካልኩ ማንም አያውቅም፤ ከተናገርኩ ቀዳዳዋ ዛሬውኑ ትደፈናለች፤ ፎቶ ቤቱም ያነሳኛል። ግን የማጀቱ መጋረጃ ክፍት ነበርና አየኋቸው። ያ ሁሉ ሰው ለአባቴ ዱዓ አድርጎ፣ እኛን አምኖ፣ አልበላም ያለውን ነገር እየጎረሰ ነው። አባቴ ይህን ቢያይ ምን ይለኝ ነበር? እግሬ ከእኔ ቀድሞ ሄደ።

በሩ ላይ ሻሼን እስከ ዓይኔ ስቤ ቆምኩ። ሐጂ ኡመር ወጥ የምጨምር መስሏቸው ሳህናቸውን ዘረጉልኝ። ጎመኑ ከሥጋው ቀድሞ አልቆባቸዋል።

«ጎመኑ የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ የገባቸው ስላልመሰለኝ፣ «ያው የውዱዕ ውሃው። እናቴ አላወቀችም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ጉንጮች ሁሉ ቆሙ። አንዱ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ቀረ። መትፋት አይቻልም፤ ዱዓ የተደረገበት ምግብ ነው፤ በረካውን ማን ይተፋል? መዋጥ ደግሞ አሁን ከባድ ሆነ። ከማጀት የእመት ሀዋ ድምፅ፣ «ወይኔ፣ እኔም ሦስቴ ቀምሻለሁ» ሲል ተሰማ። ሸህ ኑሩ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ ሐጂ ኡመር ዞሩ።

«እህ፣ ሐጂ፣ ከሳሽ እርስዎ ነዎት። ምን ይሻላል?»

ሐጂ ኡመር በአፋቸው የያዙትን ዋጡ። ሲወርድ ሁላችንም ሰማነው። ሳህናቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ሳህናቸውን አዩ።

«የሰው ወንጀል ቢሆን አልነካውም ነበር» አሉ። «የኔው ከሆነ ግን፣ ይኸው ቤቱ ገብቷል። ጨምሪልኝ።»

መጀመሪያ የሳቁት ሸህ ኑሩ ናቸው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ያ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ የቀረው ሰውም ጎረሰ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ስጨምር ግማሹን ሰሌኑ ላይ አፈሰስኩት፤ የተቆጣኝ የለም። ሳቁ ሲበርድ ሸህ ኑሩ አላህ ከሰው ላይ ያወረደውን ወንጀል ጎመን ላይ አስቀምጦ እንደማይጠብቅ፣ እሱ ያነሳውን እኛ ቅጠል ለቅጠል እየዞርን መልቀማችን እንደሚያሳፍር ነገሯቸው። ስለ ንጽሕናው ግን ያ ጀማል የሚባለው ልጅ የተናገረው ልክ ነውና ይሠራበት አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ቀዳዳዋ አልተደፈነችም። ጀማል ከሥሯ የጠጠርና የአሸዋ ጉድጓድ አሠራልኝ፤ ውሃው አርፎ፣ ጠርቶ፣ በቦይ ከጎመኑ ሥር ይገባል። ሰላጣ አልተክልም። የጨፋ ሽንኩርትም በሳምንቱ መሸጥ ጀመረ፤ ሰው ያለ ሽንኩርት ከሳምንት በላይ ሃይማኖተኛ መሆን አይችልም መሰለኝ። እናቴ ስለ ፎቶ ጠይቃኝ አታውቅም።

ደንበኞቼም ተመለሱ፤ ከነአመላቸው። እመት ሀዋ አሁን ቤታችን ድረስ መጥተው ነው የሚገዙት፤ ግን ምርጫ አላቸው። የሱብሂን ውሃ የጠጣውን መደብ ካልሆነ አይነኩም፤ በማለዳ ለሶላት የሚነሣ ሰው ወንጀሉ ጥቂት ነው ይላሉ። ከዓርቡ የጁምዓ ውሃ ግን አላህ ይጠብቀን፤ ያን ቀን በዓመት አንዴ የሚመጣው ሁሉ ይመጣል። እኔም በልቤ እየሳቅኩ ይኼ የሱብሂን ጠጥቷል እላቸዋለሁ። ሁሉም በአንድ ቦይ እንደሚጠጣ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ከጠየቁኝ እናገራለሁ።

ሐጂ ኡመር ከዚያ ወዲህ ውዱዕ የሚያደርጉት በመጨረሻው ቧንቧ፣ ልክ ከቀዳዳዋ በላይ ነው። ድምፃቸውን ከጓሮ አውቀዋለሁ፤ ሳል ይላሉ፣ ቢስሚላህ ይላሉ፣ ከዚያ ውሃው ይወርዳል። ከሌላው ሰው ይልቅ ይቆያሉ። እግራቸውን ታጥበው ከጨረሱ በኋላም ቧንቧው ትንሽ ሲፈስ እሰማለሁ። ለወንጀሉ ይሁን ለጎመኑ አልጠየቅኳቸውም፤ ቦዩን እከፍትላቸዋለሁ።